«አዎ» ያለ ሁሉ አምኗልን?

በወንጀል ችሎት ሁሉ ነገር የሚያርፍባት አንዲት ቅጽበት አለች። ክሱ ተነቦ ያልቃል። ዳኛው ቀና ብለው «ድርጊቱን ፈጽመሃል ወይስ አልፈጸምክም?» ይላሉ። ተከሳሹ የሚመልሳት ቃል በመዝገብ ትሰፍራለች። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 134 እንደደነገገው፣ ተከሳሹ የተከሰሰበትን ነገር አንድም ሳያስቀር በሙሉ ካመነ ፍርድ ቤቱ ወዲያውኑ ጥፋተኛ ሊለው ይችላል። ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ እንዲያቀርብ ማዘዝም ይችላል፤ ግን ይህ ለዳኛው የተተወ ነው።

አሁን አንድ ወጣት በዓይነ ኅሊናችን እናቁም። የአንድ መዝገብ ባለቤት አይደለም፤ ነገሩን በቅርብ ለማየት ያቆምሁት ነው። ዕድሜው ሃያ ሁለት፣ አገሩ ከጮቄ ተራራ ግርጌ፣ ገብስና ድንች ከሚበቅልበት ደጋ። በጎቹን አንድ በአንድ በመልካቸው ያውቃቸዋል፤ ስንት እንደሆኑ ግን መቁጠር አይችልም። የኔታ ዘንድ ሦስት ክረምት ተቀምጦ ከፊደል ገበታው የመጀመሪያ መስመር አላለፈም። የጎረቤት ክምር ተቃጠለና ተይዞ ጣቢያ ገባ። «አንተ ነህ ያቃጠልኸው?» «አዎ ጌታዬ።» «ሆነ ብለህ ነው?» «አዎ።» «ብቻህን ነበርህ?» «አዎ።» «ሰው አብሮህ ነበር?» «አዎ።» ሦስተኛውና አራተኛው መልስ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ወጣቱ ግን አልዋሸም። ከልጅነቱ ጀምሮ የተማረው አንድ ነገር ነው፤ ትልቅ ሰው ሲቆጣ «አዎ» ካሉት ቁጣው ይበርዳል። መርማሪው አራተኛውን ጥያቄ ሳይጠይቅ ቢያቆም መዝገቡ ንጹሕ የእምነት ቃል ይሆናል። ችሎት ሲቀርብም ዳኛው ያንኑ ይጠይቁታል፤ እሱም ያንኑ ይመልሳል።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ወይም ኦቲዝም ያለበት ሰው በወንጀል ሲከሰስ ፍርድ ቤት በእሱ ላይ ምን ሥልጣን አለው? ይቀጣዋል? ይለቀዋል? ያሳክመዋል? ወይስ ሰውየው መጀመሪያውኑ ለመዳኘት ይችላል? ጥያቄው እንግዳ ቢመስልም በአገራችን ሕግ ውስጥ ረጅም ዕድሜ አለው። መልሱም ከብዙዎቻችን ግምት ይልቅ ርኅሩኅ ነው። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ጎጃም ቃል የሚከበርበት አገር ነው። ዲማ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ደብረ ኤልያስ ስማቸው የወጣው በቅኔ ነው። በእነዚያ ጉባኤ ቤቶች አንድ ቃል ሁለት ሆኖ ይሰማል፤ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ያላወጣ ተማሪ ገና ነው ይባላል። ይህ ጆሮ ከጉባኤ ቤት ወጥቶ ገበያም ችሎትም ወርዷል። ባላገሩ ሙግት ያውቃል። በቀድሞው የበላ ልበልሃ ክርክር ተሟጋቹ ቆሞ፣ ነጠላውን አስተካክሎ፣ ባላጋራውን በጥያቄ እያጣደፈ ያፋጥጠው ነበር። የሚረታው ብዙ ጊዜ አንደበቱ የሰላ ነው። እንግዲህ በዚህ አገር መካከል ሰሙን ብቻ የሚሰማ ሰው ይወለዳል። ኦቲዝም ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ንግግርን እንደተባለው ብቻ ይወስዳል። «እጅህ አለበት?» ቢሉት እጁን ያያል። ዳኛውን ዓይን ለዓይን አያይም፤ በማይሳቅበት ይስቃል፤ ሟች ሲነሣ ፊቱ አይለወጥም። ይህን ሁሉ የሚያይ ሰው ንቀት ነው፣ ጭካኔ ነው፣ ጸጸት የለውም ብሎ ይፈርዳል። በቃል ጥበብ በሚኮራ ሕዝብ ዘንድ ቃል ያነሰው ሰው የሚደርስበትን ያህል ጉዳት ሌላ ቦታ የሚደርስበት አይመስለኝም።

የድሮው ሥርዓት ግን ለእንደዚህ ያለው ሰው ጭራሽ መጠጊያ አልነበረውም ማለት አይደለም። ሰው ብቻውን አይከሰስም ነበር። ዋስ አለው፤ የሚናገርለት ነገረ ፈጅ አለው፤ ከሁሉ በላይ ዘመድ አለው። ደም ቢፈስ ካሳውን የሚከፍለው ገዳዩ ብቻ ሳይሆን ወገኑ ነው፤ ዕርቁም የሁለት ቤተ ሰብ ነው። በዚህ አስተሳሰብ የአንድ ሰው ልቡና በስሏል ወይስ አልበሰለም የሚለው ጥያቄ ብዙ ክብደት አልነበረውም። ያልበሰለውን የበሰለው ይሸከምለታል። በሌላ በኩል ግን አፈርሳታ ነበረ፤ አውጫጭኝም ይሉታል። ስርቆት ወይም ቃጠሎ ደርሶ አጥፊው ሲጠፋ የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ አጥፊው እስኪወጣ ሥራውን ፈትቶ ይቀመጣል፤ የቀረም ይቀጣል። ሰብል ደርሶ ሰው ወደ ማሳው ለመሄድ ሲቸኩል፣ ስሙ ቢጠራ የሚከራከርለት የሌለው፣ ለራሱም የማይናገር ሰው ምን ያህል ቅርብ ዒላማ እንደሚሆን መገመት አይከብድም።

በጽሑፍ የነበረው ሕግ ፍትሐ ነገሥት ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብጻዊው ኢብን አል አሳል በዐረብኛ ያጠናቀረው ይህ መጽሐፍ፣ ትውፊቱ እንደሚነግረን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ወደ ግእዝ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ የነገሥታቱ ችሎት መሠረት ሆኖ ኖረ። የጎጃም ሊቃውንትም እንደ ሌላው መጽሐፍ ሁሉ በትርጓሜ አስተማሩት። ሕፃንንና አእምሮውን ያጣን ሰው እንደ ሙሉ ሰው አድርጎ አይቀጣም፤ ጥፋት ማወቅንና መፍቀድን ይጠይቃል የሚለው አሳብ በውስጡ አለ። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ሲነግሡና መንቆረር ደብረ ማርቆስ ስትባል፣ በቤተ መንግሥቷ ችሎት ላይ የሚነበበው መጽሐፍ ይኸው ነበር። ነገር ግን ፍትሐ ነገሥት የሚያውቀው ሁለት ነው፤ ሕፃንና እብድ። በዕድሜው ጎልማሳ፣ በአሳቡ ሕፃን የሆነው፣ ያላበደው፣ እንዲያው ከመጀመሪያው ያልበሰለው ሰው በሁለቱ መካከል ይቀራል። ባላገሩ ለዚህ ሰው ስም አያጣም፤ ጅል፣ ሞኝ፣ ቂል፣ የዋህ ይለዋል። እናቱ ደግሞ «ልጄ አሳብ የለውም» ትላለች። ሕጉ ስም ያወጣለት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዘመናዊ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ታተመ። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በ1949 ዓ.ም. ነው። የስዊዘርላንዱ የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በዚያ ዓመት ታውጆ በ1950 ሥራ ላይ ዋለ። በቁጥር 48 ላይ ሰውን ከወንጀል ኃላፊነት ነጻ የሚያወጡትን ምክንያቶች ሲዘረዝር ዕድሜንና በሽታን ብቻ አልጠቀሰም፤ ከተፈጥሮ ልክ የዘገየ እድገትንም በስሙ ጠራ። ያ ያላበደ ግን ያልበሰለ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በሕጋችን ላይ ራሱን የቻለ ቦታ አገኘ። አገሪቱ አንድም ኢትዮጵያዊ የአእምሮ ሐኪም ባልነበራት ዘመን እንደዚህ ያለ አንቀጽ መጻፉ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ኦቲዝም ራሱ በሕክምና ጽሑፍ ላይ በግልጽ ከተገለጸ ገና ዐሥራ አራት ዓመቱ ነበር፤ ሊዮ ካነር በአሜሪካ ያየውን የዐሥራ አንድ ልጆች ታሪክ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው።

የአንቀጹ ሚዛን ሁለት ጎን አለው። አንደኛው፣ ሰውየው ድርጊቱን በፈጸመበት ጊዜ የሚያደርገውን ነገር ምንነት ወይም መዘዙን መረዳት ይችል ነበር ወይ? ሁለተኛው፣ ቢረዳስ በተረዳው መጠን ራሱን መግዛት ይችል ነበር ወይ? ከሁለቱ አንዱን ካጣ ኃላፊ አይደለም። የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች እ.ኤ.አ. ከ1843 ጀምሮ የያዙት የማክናተን ደንብ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም? የእኛው ሕግ ግን የሚያውቅ ሆኖ ራሱን መግዛት የተሳነውንም ያያል። ድምፅ ሲበዛበት፣ ሰው ሲከበው፣ የለመደው ነገር ሲቀየርበት አእምሮው ተጨናንቆ እጁን የሚያወናጭፍ ኦቲዝም ያለበት ሰው ነገሩ የሚታየው በዚህ በሁለተኛው መስኮት ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ባላገርን የሚመለከት አንድ አስገራሚ አንቀጽ አለው፤ ቁጥር 342። ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት ይህ ሕግ ከሁለት ሺህ ሰው በታች በሚኖርበት ቀበሌ የአንድ ሰው አእምሮ መጉደል በግልጽ የታወቀ ነው የሚባለው መቼ እንደሆነ ሲናገር የሐኪም ወረቀት አይጠይቅም። ቤተ ሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት ሰዎች ስለ አእምሮው ሁኔታ የሚጠብቁት ከሆነ፣ በዚሁም ምክንያት እንደ ልቡ እንዳይዘዋወር ካደረጉት፣ ይኸው ይበቃል ይላል። አንቀጹ ስለ ውል እንጂ ስለ ወንጀል አይደለም፤ አንድን ሰው ከቤት አላስወጣ ማለትንም እንደ ማስረጃ መቁጠሩ ዛሬ ልብን ያሳዝናል። ሆኖም አንድ እውነት ይዟል። ትንሽ መንደር ማንን መጠበቅ እንዳለበት ያውቃል። ሐኪም ከመድረሱ በፊት፣ ፖሊስ ከመድረሱ በፊት፣ ያውቃል።

ዛሬ የምንዳኝበት የወንጀል ሕግ በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 414 ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የጸና ነው። የግራቨንን መሠረት አልናደውም። አንቀጽ 48 እንዳለ አለ፤ ምክንያቶቹን ዘርዝሮ ሲያበቃ «ሌላ ተመሳሳይ ባዮሎጂያዊ ምክንያት» ለሚባለው በር ይከፍታል። ኦቲዝም በስሙ ባይጠራም በዚህ በር ይገባል። አንቀጽ 49 ማስተዋሉ በከፊል የጎደለውን ይመለከታል፤ እንዲህ ያለው ሰው ይቀጣል፤ ዳኛው ግን ቅጣቱን ያለ ገደብ ሊያቀልለት ይችላል። የሞት ፍርድ ቢፈረድ እንኳ ኃላፊነት በሌለው ወይም በከፊል ብቻ ኃላፊ በሆነ ሰው ላይ ያ ሁኔታው እስካለ ድረስ አይፈጸምም፤ ይህን የሚለው አንቀጽ 119 ነው። አሜሪካ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበትን ሰው በሞት መቅጣት ከሕገ መንግሥቷ ጋር እንደሚጋጭ በጠቅላይ ፍርድ ቤቷ የወሰነችው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ አትኪንስ በተባለው መዝገብ።

የሁሉ ነገር ቁልፍ ያለው ግን በአንቀጽ 51 ላይ ነው። የተከሳሹ ኃላፊነት ባጠራጠረ ጊዜ ፍርድ ቤቱ የልዩ ዐዋቂ አስተያየት መቀበል አለበት። ተከሳሹ የአእምሮ መታወክ ወይም የሚጥል በሽታ ምልክት ካሳየ፣ መስማትና መናገር የተሳነው ከሆነ፣ ወይም በመጠጥ ሱስ የተመረዘ ከሆነ አስተያየቱን መቀበል የግድ ነው። ዐዋቂው የተከሳሹን ሁኔታና በአስተሳሰቡ ላይ ያለውን ውጤት ይገልጻል፤ ምን ዓይነት ሕክምና ወይም ጥበቃ እንደሚሻለው ይመክራል። ዳኛውን የሚያስገድደው የሳይንሱ ግኝት ብቻ ነው፤ ከዚያ የሚወጣው የሕግ ትርጉም የዳኛው ነው። ሰውየውን ኃላፊ ነው ወይም አይደለም የሚለው ፍርድ ቤት ነው፣ ሐኪም አይደለም። ይህ ጥሩ ሥልጣን ነው። ግን «ባጠራጠረ ጊዜ» ይላል። ማን ይጠራጠር? ዝርዝሩን ደግመን እንየው፤ የታወከ ይጮኻል፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ይወድቃል፣ መስማት የተሳነው ሲጠሩት አይዞርም። ሁሉም ዓይን የሚያየው ምልክት ነው። የዘገየ አእምሮ ምልክቱ ምንድን ነው? ዝምታ፣ ፈገግታ፣ «አዎ ጌታዬ»። እነዚህ ሦስቱ በአገራችን ችሎት ፊት የጨዋ ልጅ ምልክቶች ናቸው። አእምሮው የታወከው ሰው በጩኸቱ ይድናል፤ የዋሁ በጨዋነቱ ይጠፋል።

ሌላም ክፍተት አለ። የወንጀል ሕጉ የሚጠይቀው ድርጊቱ በተፈጸመበት ጊዜ ስለነበረው አእምሮ ነው። ዛሬ፣ እዚህ ችሎት ውስጥ፣ ይህ ሰው ክሱን ይረዳል ወይ? ምስክር ሲዋሽበት «ይህ ሐሰት ነው» ብሎ ለጠበቃው መንገር ይችላል ወይ? ይህ ሌላ ጥያቄ ነው። የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ለወጣት ጥፋተኞች ራሱን የቻለ ክፍል ከፍቶላቸዋል፤ በዕድሜው ዐዋቂ ሆኖ ክርክሩን መከታተል ለማይችለው ግን እንዲህ ያለ ክፍል አልከፈተም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሽ የክሱ ዝርዝር እንዲነገረው፣ ጠበቃ የማቆም ዐቅም ባይኖረውና በዚህም ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት እንዲያቆምለት፣ ችሎቱ በማይረዳው ቋንቋ ሲካሄድ እንዲተረጎምለት ያዛል። አማርኛ ለሚናገር ግን የችሎቱን አማርኛ ለማይረዳ ሰው አስተርጓሚ ማን ይመድብለታል? «ፍሬ ነገር»፣ «መከላከያ ማስረጃ»፣ «የቅጣት ማቅለያ» ለባላገሩ ሁሉ ከባድ ናቸው፤ ለዚህ ወጣት ደግሞ ጭራሽ የሌላ አገር ንግግር ናቸው።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 13 በፍርድ ሂደት ውስጥ ለአካል ጉዳተኞች እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሁኔታቸው ተገቢው ማመቻቸት ይደረግላቸው ይላል። ይህ ለዳኛ የተሰጠ ትልቅ መሣሪያ ነው። አጫጭር ጥያቄ መጠየቅ፣ በአንድ ጥያቄ አንድ ነገር ብቻ ማንሣት፣ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚያስመልሰውን ትቶ «ምን አደረግህ? ንገረኝ» ማለት፣ የሚያምነው ሰው አጠገቡ እንዲቀመጥ ማድረግ፣ ሲደክመው ማሳረፍ። አንዱም በጀት አይጠይቅም። ስምምነቱን የሚከታተለው ኮሚቴ እና ብዙ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ግን ከዚህ አልፈው አንድ ከባድ ጥያቄ ያነሣሉ። ሰውን «ኃላፊ አይደለም» ወይም «ለመዳኘት አይችልም» ማለት ራሱ ከሰውነት ዝቅ ማድረግ አይሆንም ወይ? አሳቡ ይገባኛል። ብዙ ሰው በዚህ ስም ፍርድ ሳይሰጠው ታስሮ ቀርቷል።

በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት መስማትም መናገርም የማይችል፣ አእምሮው እንደ ሕፃን የሆነ ሰው በሁለት ስርቆት ተከሶ ነበር፤ የሁለቱም ዋጋ ተደምሮ ዘጠኝ ዶላር ነው። ለመዳኘት አይችልም ተብሎ፣ እስኪችል ድረስ በሆስፒታል እንዲቆይ ታዘዘ። እሱ ደግሞ መቼም አይችልም፤ ስለዚህ ለዘጠኝ ዶላር ዕድሜ ልክ ማለት ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1972 በጃክሰን መዝገብ ይህ አይሆንም አለ፤ የመሻሻል ተስፋ ከሌለው ሰውየው ይለቀቅ ወይም እንደ ማንኛውም ሰው በፍትሐ ብሔር መንገድ ጉዳዩ ይታይ። ይህ ከተባለ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ የስምምነቱ ኮሚቴ የአንድ አውስትራሊያዊ ነባር ተወላጅ አቤቱታን አየ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ይህ ሰው ክሱ ሳይጣራ፣ ጥፋተኛ ሳይባል፣ ከዐሥር ዓመት በላይ በእስር ቤት ኖሯል። ኮሚቴው አውስትራሊያ መብቱን ጥሳለች አለ። ሀብታም አገሮች እንዲህ ከተሳሳቱ የእኛን ችግር ለራሳችን ማቅለል ሳይሆን ከእነሱ ስህተት መማር ይገባናል። ምሕረት የመሰለው ውሳኔ ከቅጣቱ ሊረዝም ይችላል።

የእኛ ሕግ ኃላፊ ያልሆነውን ሰው ዝም ብሎ አይለቅም። ከአንቀጽ 129 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች ፍርድ ቤቱ ሕክምና ወይም በተስማሚ ተቋም ውስጥ ጥበቃ እንዲያዝ ሥልጣን ይሰጡታል። ለደኅንነት አስጊ ከሆነ ይጠበቃል፤ ካልሆነ ይታከማል። እርምጃው የጊዜ ገደብ የለውም፤ ነገር ግን በየሁለት ዓመቱ እንደገና መታየት አለበት። በወረቀት ላይ ሙሉ ነው። ግን «ተስማሚ ተቋም» የት ነው? በደብረ ማርቆስ ላለ ዳኛ መልሱ ለብዙ ዘመን አንድ ነበር፤ አማኑኤል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ለምሥራቅ ጎጃም ሰው አማኑኤል የከተማ ስም ነው። በማቻከል፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ። «አማኑኤል ይሂድ» ተብሎ ሲታዘዝ ባላገሩ መጀመሪያ ትዝ የምትለው እሷ ናት። ዳኛው ያዘዘው ግን በተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ ሉማሜን፣ ደጀንን አልፎ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ በጎሐ ጽዮንና በፍቼ በኩል ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ። በጣልያን ወረራ ዘመን የተከፈተው ይህ ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት ለአገሩ ሁሉ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ከየክልሉ ፍርድ ቤት የሚላክ ተከሳሽ በፖሊስ ታጅቦ እዚያ ይመጣል፤ ተራ ይጠብቃል፤ ይመረመራል፤ ውጤቱ ተጽፎ ይመለሳል። አጃቢ ፖሊስ፣ አበል፣ መኪና እስኪገኝ ቀጠሮ ይተላለፋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በኋላ በጎንደርና በባሕር ዳር ባሉ ሆስፒታሎችም ባለሙያ ተገኝቷል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ሲገባ ደግሞ መንገዱ ራሱ በተደጋጋሚ ተዘጋ። ፍርድ ቤት ያልተፈረደበትን ሰው ለምርመራ ልኮ ለመመለስ የሚፈጀው ጊዜ፣ ጥፋተኛ ቢባል ኖሮ ከሚታሰረው ሊበልጥ ይችላል። ጠበቆች ይህን ስለሚያውቁ አንዳንድ ጊዜ የአእምሮ ነገር ባይነሣ ይሻላል ይላሉ፤ «አምኖ፣ ቅጣት ቀልሎለት፣ ቶሎ ቢወጣ ነው የሚበጀው።» በዚህ አልፈርድባቸውም። ግን እንዲህ በወጣ ቁጥር ስሙ ወንጀለኛ ሆኖ ይቀራል፤ ሁለተኛ ሲከሰስ ደጋጋሚ ይባላል።

ኦቲዝምን በተመለከተ ነገሩ ይብሳል። በአዋቂ ሰው ላይ ኦቲዝምን የሚለይ ባለሙያ በጣም ጥቂት ነው። ልጆች እንኳ የሚታዩበት ዋናው ቦታ ለዓመታት አዲስ አበባ ነበር፤ የካቲት 12ና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች። ሕዝቡ ቃሉን የሰማው በእናቶች በኩል ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የራሳቸውን ልጅ ይዘው በተነሡ ጊዜ፣ በ1994 ዓ.ም. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ በቴሌቪዥንም በየመድረኩም ተናገሩ። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ቃሉ በከተማ የታወቀ ሆኖ ነበር። ወደ ጮቄ ግርጌ ግን ገና አልደረሰም። እዚያ ዛሬም የሚባለው መንፈስ ነው፣ ዓይነ ጥላ ነው፣ ጸበል ይወሰድ ነው። ዛሬ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሆናቸው፣ ኦቲዝም ያለባቸው የደጋው ሰዎች ይህን ስም አንድም ቀን ሳይሰሙ አድገዋል። ችሎት ቢቀርቡ በእጃቸው አንዲት የሕክምና ወረቀት አይኖርም። ወረቀት የሌለው ሰው ደግሞ በመዝገብ ላይ ጤነኛ ነው።

የተበዳይም ወገን አለ፤ እሱን ዘልሎ የሚጻፍ ጽሑፍ እውነት አይሆንም። ክምሩ የተቃጠለበት ገበሬ የዓመት ቀለቡን ነው ያጣው። ልጁ የሞተበት ደግሞ «አእምሮው ስለጎደለ ተለቋል» ሲባል ሐዘኑ አይበርድም፤ ደመኛ ሆኖ ይቀራል። በደጋው ፍርድ ቤት ፈርዶም እንኳ ነገሩ የሚያበቃው ሽማግሎች ተቀምጠው ደም ሲያደርቁ ነው። ቤተ ሰቡ ይህን ስለሚያውቅ ልጁ ነጻ እንዳይወጣ የሚመኝበት ጊዜ አለ፤ በወኅኒ ቢቀመጥ ቢያንስ ጥይት አያገኘውም። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ ኃላፊ አይደለም ባለ ማግስት ዕርቁ ካልተከተለ ውሳኔው ግማሽ ነው። እዚህ ላይ ባህሉ ለሕጉ የጎደለውን ሊሞላለት ይችላል ብዬ አምናለሁ። ያልበሰለውን የበሰለው ይሸከምለታል የሚለው ያ የጥንቱ ልማድ፣ ወገን ካሳውን ከፍሎ፣ ልጁን እንዲጠብቅ ተዋውሎ፣ ሽማግሌ ዋስ ሆኖ ማስታረቅ ያውቅበታል። ዳኛው ተቋም ፍለጋ ዓባይን ከማሻገሩ በፊት ቤት ውስጥ የሚደረግ ጥበቃና ክትትል ይበቃ እንደሆነ መጠየቅ ይችላል።

ወደ አንቀጽ 51 ልመለስ፤ ብዙ ጊዜ የማይነበብ ቁራጭ አለውና። ጥርጣሬ ሲኖር ፍርድ ቤቱ ሐኪም መስማት ብቻ ሳይሆን ስለ ተከሳሹ ጠባይ፣ ስለ ቀድሞ ሕይወቱና ስለ ኑሮው ሁኔታ ምርመራ እንዲደረግ ማዘዝም ይችላል። የእድገት ውስንነት እንደ ወባ በድንገት የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ከልጅነት ጀምሮ ያለ ነው። ስለዚህ ታሪኩ አለ። በወረቀት ላይ አልሰፈረም እንጂ በሰው አፍ ላይ አለ። መቼ አፉን ፈታ? መቼ ድክ ድክ አለ? የኔታ ለምን ከፊደል መለሱት? ገበያ ልከውት ያውቃሉ? የብር መልስ ይቆጥራል? እኩዮቹ ሲያገቡ እሱ ለምን ቀረ? ክምሩ ከመቃጠሉ በፊት ክብሪት ማን ሰጠው? የሥነ አእምሮ ባለሙያ ቢመጣም መጀመሪያ የሚጠይቀው እነዚህኑ ነው። ይህን ለመመስከር አዲስ አበባ የሚያስኬድ ነገር የለም፤ መርማሪ ፖሊስ አንድ ቀን መንደሩ ቢወርድ፣ ወይም ዳኛው ሁለት ሰው ቢያስጠራ ይበቃል።

የሚጠሩትም ሩቅ አይደሉም። ችሎት በሚውልበት ቀን ወደ ማንኛውም የወረዳ ፍርድ ቤት ግቢ ብትገቡ ከባሕር ዛፉ ሥር ጋቢ ለብሰው የተቀመጡ ሰዎች ታያላችሁ። ከመካከላቸው አንዲት እናት ትኖራለች፤ ሌሊት ተነሥታ፣ ሦስት ሰዓት በእግሯ መጥታ፣ ቆሎና ድፎ ዳቦ በነጠላዋ ቋጥራ። ልጇ ከማያውቀው ሰው እጅ እህል እንደማይበላ ታውቃለች። በሰንሰለት ሲታሰር እንደሚያስመልሰው ታውቃለች። «አዎ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ፣ ከየትኛው «አዎ» በኋላ እንደሚያለቅስ ታውቃለች። በምስክርነት አልተቆጠረችም፤ ሲጣራ የነበረው የፍርድ ቤት ሠራተኛ የልጇን ስም እስኪጠራ ድረስ በሩን እያየች ትጠብቃለች።